ዊንዶውሱ ሲታደስ አማርኛው የት ሄደ?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ሰሞኑን እዚህ ጎንደር በየጥገና ቤቱና በየጽሕፈት አገልግሎቱ ስለሚሰማ አንድ አቤቱታ ላወራችሁ ነው። «አዲሱ ዊንዶውስ ከተጫነ ወዲህ ኮምፒውተሬ እንቢ አለኝ» የሚል አቤቱታ ነው። አንዱ ማተሚያው አይታዘዝም፣ ሌላው ድምፁ ጠፍቷል፣ ሌላው ደግሞ የከፋ ነገር ገጥሞት፣ የአማርኛ ጽሑፉ አልነበብ ብሎት ይመጣል፤ ስለዚያ የከፋው ነገር ነው በተለይ ማውራት የምፈልገው።

ሰው ሁሉ ወደ አዲሱ ዊንዶውስ የሚሮጥበት ምክንያት ይታወቃል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ማሽኑ በዚያ ቀን ሥራ አላቆመም፤ መደበኛው የደኅንነት ማሻሻያ ግን ቆሞበታል። ወደ ዊንዶውስ 11 ለመሻገር ደግሞ በር ላይ የሚጠብቁ ጥያቄዎች አሉ፦ ቲፒኤም 2.0 የተባለው የደኅንነት ቺፕ፣ ሴኪዩር ቡት (ማሽኑ ሲነሣ የታመነ ሶፍትዌር ብቻ እንዲጀምር የሚያደርገው)፣ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻ፣ ከኢንቴል ከሆነ በአብዛኛው ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆነ ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ አንጎል)። ትውልዱን ለማወቅ ቁጥሩን ማንበብ ይበቃል። አይ5-6300 ከሆነ ስድስተኛ ነው፣ አይ5-8250 ከሆነ ስምንተኛ። በእጄ የሚያልፉት ያገለገሉ ላፕቶፖች አብዛኞቹ ከስምንት በታች ናቸው። ስምንትና ከዚያ በላይ ሆኖ «አይሆንም» የሚል ካጋጠማችሁ ግን ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ፤ ቲፒኤሙ ውስጡ እያለ ባዮስ ላይ (ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ ላይ) ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ኢንቴል ፒቲቲ፣ ኤኤምዲ ደግሞ ኤፍቲፒኤም ይሉታል፤ መክፈት ብቻ ነው።

መስፈርቱን በዘዴ አልፎ የሚጭን ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ሥራው እንጀራው ለሆነ ሰው እኔ አልመክረውም፤ ማይክሮሶፍት ለእንዲህ ዓይነቱ ማሽን ማሻሻያ ለመስጠት ዋስትና አይገባም። ለአሮጌው ላፕቶፕ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ሚንት ወይም ኡቡንቱ የተባለውን ነጻ ሥርዓት መጫን ይሻላል፤ ለመጻፍና ኢንተርኔት ለመጠቀም ከበቂ በላይ ነው።

ስለ ድራይቨርም፣ ማለትም ዊንዶውስን ከማተሚያና ከመሰል ዕቃዎች ጋር ስለሚያግባባው ፕሮግራም፣ ጥቂት ልበል። ዊንዶውስ 11 ባለ 64 ቢት ብቻ ነው፤ ለ32 ቢት ብቻ የተጻፈ የማተሚያ ድራይቨር እዚያ ላይ አይነሣም። ብዙ ሰው «የተስማሚነት ሁነታ» የሚባለውን እየከፈተ ይደክማል። ያ ዘዴ የሚሠራው ለፕሮግራም ነው፤ ፕሮግራሙ በቀድሞው ዊንዶውስ ላይ ያለ እንዲመስለው ያደርገዋል። ባለ 32 ቢቱን ድራይቨር ግን ወደ 64 አይለውጠውም። ስለዚህ ማተሚያው ደህና ሆኖ ድራይቨር ያጣ እንደሆነ አትጣሉት፤ አሮጌውን ኮምፒውተር ከኢንተርኔት አላቅቃችሁ ለማተሚያው ብቻ ተዉለት። ቢጫ ምልክት ያለበት ዕቃ ዲቫይስ ማናጀር በሚባለው የዊንዶውስ ዕቃ መቆጣጠሪያ ውስጥ ካያችሁ ደግሞ ዝርዝሩ ውስጥ ገብታችሁ የዕቃውን መለያ ቁጥር ውሰዱ፤ ትክክለኛው ድራይቨር የሚፈለገው በስሙ ሳይሆን በዚያ ቁጥር ነው። የኔትወርክ ድራይቨሩን አስቀድማችሁ በፍላሽ መያዝም አትርሱ፤ እሱ ከሌለ ማሽኑ ኢንተርኔት ስለማያገኝ ሌላውን ማውረድ ይቸግራል። መብራት በድንገት በሚሄድበት ከተማ ደግሞ ባትሪው ያልተሞላ ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስ መጫን አይጀመርም።

ይህ ሁሉ ያስቸግር እንጂ መላ አለው። ማተሚያም ሌላ ይገዛል። ልቤን የሚነካው የጽሑፉ ነገር ነው።

አንድ የእድር ጸሐፊ የሆኑ አባት ወደ ጥገና ቤቱ መጡ። የእህታቸው ልጅ ኮምፒውተሩን ፎርማት አድርጎ አዲስ ዊንዶውስ ጭኖላቸዋል፤ ፋይሎቹንም በጥንቃቄ መልሷቸዋል። የእድሩ መዝገብ፣ የአባላት ስም፣ ማን መቼ እንደ ተቀበረ፣ ለማን ምን እንደ ተከፈለ፣ ሁሉም አለ። ሲከፈት ግን አማርኛ አይደለም፤ የላቲን ፊደልና ምልክት የተዘባረቀበት ገጽ ነው።

«ልጄ፣ ቫይረስ በላው አሉኝ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ አይዞዎት፤ ፋይሉ አልተነካም» አልኳቸው።

አላመኑኝም፤ እውነታቸውን ነው። ዓይናቸው የሚያየው ሌላ ነው።

ኮምፒውተር ፊደልን በቁጥር ነው የሚያስቀምጠው። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ቁጥር ሥርዓት ለፊደላችን የራሱን ቁጥሮች የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ነው። ከዚያ በፊትም፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ እንደ ቪዥዋል ግእዝና ፓወር ግእዝ ያሉ ፕሮግራሞች ናቸው በአማርኛ እንድንጽፍ ያስቻሉን። ትልቅ ውለታ ነው፤ መጽሐፉም፣ ደብዳቤውም፣ የፈተና ወረቀቱም የታተመው በእነሱ ነው። ነገር ግን በዚያ ዘመን አንድ ፎንት (የፊደል ቅርጾችን የያዘ ፋይል) የነበረው ቦታ 256 ብቻ ነው፤ ከዚያም ላይ 32ቱ ለመቆጣጠሪያ ምልክት የተያዙ ናቸው። የእኛ ፊደል ደግሞ 33 በ7 ሲባዛ ብቻ 231 ነው። ቋ፣ ኳ፣ ጓና መሰሎቻቸው፣ ሥርዓተ ነጥቡ፣ የግእዝ ቁጥሩ ሲጨመሩ ቦታው አይበቃም። ስለዚህ አንዳንዱ ፎንት ፊደሉን ለሁለት ከፍሎ አስቀመጠው። የአማርኛው ቅርጽ ሁሉ የተቀመጠው በላቲን ፊደልና በምልክት ቁጥሮች ላይ ነው። ላቲኑ የአማርኛ ካባ ለብሶ ነበር ማለት ይቻላል፤ ኮምፒውተሩ ፎርማት ሲደረግ ካባው ወለቀ።

ያንኑ ፎንት ፈልገን ስንጭነው መዝገቡ እንዳለ ተመለሰ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና ስሞቹን አንድ በአንድ ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ፤ ጥገና ቤቱ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ሰማቸው።

እኔ ግን እዚያ ላይ ማቆም ተገቢ አይመስለኝም። ፎንቱ ዛሬ ተገኘ፤ ከአሥር ዓመት በኋላስ? ስለዚህ ጽሑፉን በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ አዛወርነው። ከዚያ በኋላ አድካሚው ሥራ የዓይን ነው፤ ሏና ቷ፣ ነጠላ ሰረዝና ድርብ ሰረዝ፣ የግእዝ ቁጥር፣ እነዚህ ሲዛወሩ ይሳሳታሉ። የታተመ ቅጂ ካለ ከጎን አድርጎ ማመሳከር ነው። አሁን በዚያ መዝገብ ውስጥ የሰው ስም ጽፋችሁ ብትፈልጉ ይገኛል፤ ቀድሞ ይህ አይሆንም ነበር።

የእናንተ ፋይል የትኛው እንደ ሆነ ለማወቅ ቀላል ፈተና አለ። የፋይሉን ቅጂ ክፈቱ፤ ጽሑፉን በሙሉ ምረጡና ፎንቱን ወደ ተራ የእንግሊዝኛ ፎንት ለውጡ። አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከቆየ ዩኒኮድ ነው። ወደ ላቲን ከተዘባረቀ የድሮው ነው። «ፒዲኤፍ አድርጌዋለሁ» ብላችሁም አትተማመኑ። ፒዲኤፉ ላይ አማርኛው በትክክል ይታያል፤ ቀድታችሁ ሌላ ቦታ ስትለጥፉት ግን ያው ላቲን ነው።

በዩኒኮድ የጻፈ ሰውም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አያመልጥም። ኒያላ የተባለው ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አብሮ ይመጣ ነበር፤ ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ግን ሲፈለግ ብቻ የሚጨመር ሆኗል። ኒያላ በሌለበት ማሽን ጽሑፉ በሌላ ፎንት ይታያል፤ አብዛኛውን ጊዜ በኤብሪማ። ፊደሉ ይነበባል፣ ስፋቱ ግን ይለያያል፤ መስመሩ ይሰበራል፣ ገጹ ይገፋል። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያስረክብ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ማውጫው ከገጹ ጋር አልገናኝ ሲለው ሌሊቱን ሙሉ ቃላት ሲቀንስ ያድራል። ሴቲንግ ውስጥ «ኦፕሽናል ፊቸርስ» በሚለው ገብቶ የኢትዮጵያ ፊደላትን ተጨማሪ ፎንቶች መጫን ብቻ ነበር የሚጠበቅበት።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። ማሽናችሁ መስፈርቱን ካሟላ ፎርማት አታስደርጉ፤ በነበረው ላይ አሳድጉት፣ የጫናችኋቸው ፎንቶች አብረው ይሻገራሉ። ካልተስማማችሁ በ10 ቀን ውስጥ ወደ ቀድሞው መመለስ ይቻላል። ፎርማት የግድ ከሆነ አስቀድማችሁ ሲ ድራይቭ ላይ፣ ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን ፎንትስ የሚባል ማኅደር በፍላሽ ገልብጡ። ሰነዱን ሁሉም ሰው ይገለብጣል፤ ፎንቱን ግን የሚያስታውሰው የለም።

በየመሳቢያው የድሮ አማርኛ መጻፊያ ሲዲ ያላችሁም አትጣሉት። የዛሬ ላፕቶፕ ሲዲ ማንበቢያ የለውም ብላችሁ አትናቁት፤ እዚሁ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ማንበቢያው ያላቸው የጽሕፈት አገልግሎቶች ዛሬም አሉና ወደ ፍላሽ አስገልብጡት። በሚቀጥለው ዝግጅት የድሮ ፋይሎችን ወደ ዩኒኮድ ስለማዛወር ደረጃ በደረጃ አወራለሁ፤ እስከዚያ የማይነበብ የአማርኛ ፋይል ያላችሁ፣ የምታስታውሱ ከሆነ በየትኛው ፎንት እንደ ጻፋችሁት ንገሩኝ።