ዋጋ በኢንቦክስ
(ለጎንደር አነስተኛ ነጋዴዎች በስልጠና መዝጊያ ላይ የቀረበ ንግግር)

እንደምን ዋላችሁ የአራዳ፣ የፒያሳ፣ የማራኪ፣ የአዘዞ ሰዎች። "አንቺም ትንሽ በይ" ተብዬ ነው የወጣሁት፣ ጽፌም መጥቻለሁ፣ ግን ታውቁኛላችሁ፣ ወረቀቱን ትቼ ብዘባርቅ ከወዲሁ ይቅርታ።

ሁለት ቀን ሙሉ አሰልጣኞቹ ፈነል ፈነል ሲሉን ነበር። ያው ዘይት ወደ ጠርሙስ ስንገለብጥ የምንጠቀምበት፣ አናቱ ሰፊ ታቹ ጠባብ ዕቃ ነው። ሽያጭም እንደሱ ነው ይላሉ፤ ብዙ ሰው ያያል፣ ካየው ጥቂቱ ይጠይቃል፣ ከጠየቀውም ጥቂቱ ይገዛል። ሀሳቡ በፈረንጆቹ 1898 አካባቢ ኤልሞ ሉዊስ ከሚባል አሜሪካዊ የማስታወቂያ ሰው ጋር ይያያዛል አሉ። እኔ ግን ትዝ ያለችኝ ቅዳሜ ገበያ በርበሬ ስትሸጥ የኖረችው እናቴ ናት። የከረጢቱን አፍ ትከፍታለች፣ ሽታው መንገደኛውን ያቆመዋል፣ ቆንጥራ መዳፉ ላይ ታደርግለታለች፣ ዋጋውን ሳይጠይቃት ትነግረዋለች፣ ሲገዛ ምራቂ ትጨምራለች፣ በሳምንቱ ስታየው ደግሞ "ወጡ እንዴት ሆነ?" ትለዋለች። ኢንተርኔት የላት፣ ቦርሳዋ ውስጥ ፈነል የላት፣ ደንበኛ ግን ሞልቷት ነበር።

እኛስ? አምና ለጥምቀት የሀበሻ ቀሚስ ፎቶ ለጥፌ ለአንዱ ልጅ ቡስት አርግልኝ፣ ማለት በክፍያ ለብዙ ሰው እንዲታይ አርግልኝ፣ ብዬ 3,000 ብር ከፈልኩ። ላይኩ ዘነበ! ደስ ብሎኝ ለጎረቤት ሁሉ አሳየሁ። አንዲት እህት ከባህር ዳር "ዋጋው ስንት ነው?" ብላ ጻፈች፣ እኔም እንደ አገሩ ሰው "ኢንቦክስ ያድርጉ" አልኳት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "እታለም፣ ዋጋ እንጂ ሚስጥር አልጠየኩሽም።" ሄደች። ከሷ በታች ያሉትም ኮመንቱን አንብበው ሄዱ። የዛን ሰሞን በዛ ፎቶ የሸጥኩት አንድ ቀሚስ ነው፣ እሱንም ለአክስቴ ልጅ፣ በዱቤ!

እና እኔ የመጣሁት ይሄን ልናገር ነው። ፈነላችንን የበሳነው ራሳችን ነን። የገዢውን ፊት አይተን ዋጋ ልንቆርጥ ነው እኮ ዋጋውን የምንደብቀው፣ እንተዋወቃለን! የማያውቀን ሰው ለማመን አንድ ነገር ነው የሚፈልገው፣ እኛ ደግሞ እሷኑ ነው የምንደብቅበት። ላይክ ይዛችሁ ወፍጮ ቤት ሂዱና እስኪ ይፍጩላችሁ!

ዘንድሮ ዋጋውን፣ ልኩን፣ የማድረሻውን ሂሳብ፣ የቴሌብር ቁጥሩን ፎቶው ስር ጻፍኩት። የሚጠይቀኝ ሰው ቀነሰ፣ እውነቴን ነው፣ መጀመሪያ ደንግጬ ነበር። ግን አቅሙ የማይፈቅድለት ቀድሞ ስለሚያልፍ የሚደውለው ሊገዛ ነው የሚደውለው፣ ቀኑን ሙሉ "ስንት ነው፣ ቀንሺ" ስባል አልውልም።

ሌላው፣ ሱቃችሁ ጎንደር ሆኖ ማድረስ ካልቻላችሁ ማስታወቂያውን ለአገሩ ሁሉ አትልቀቁት፣ ለከተማው ብቻ በሉት። የገዛችሁን ሰው ስልክ ደብተር ላይ ጻፉ፣ ለሰርግ ሰሞን አንድ ጊዜ ደውሉ፣ በየቀኑ እየደወላችሁ ግን አታሰልቹት። ስለ ቴሌግራም ቻናል ልጆቹ ነግረዋችኋል፣ አልደግመውም።

አሁን ቡናው ፈልቷል እያሉኝ ነው። የኔን ዋጋ ማየት የፈለገ መስታወቱ ላይ ተለጥፏል፣ መግባትም አያስፈልግም። አመሰግናለሁ።