ገበያው በደራበት ሰዓት

የተከበራችሁ የስብሰባው ተሳታፊዎች፣

እንድናገር የተጋበዝኩት ስለ ከተማ ዕድገት ነው። እኔ ግን ዕድገቱ ስለሚያስከትለው ጉዳት ላወራ ነው፤ ጋባዦቼ ይቅር ይበሉኝ።

አንድ ኢንዱስትሪ በከተማ ውስጥ ሲፋፋ ሁሉም ደስ ይለዋል። ሥራ ይበዛል፣ ግንባታ ይጧጧፋል፣ ሪባን ቆራጭ ባለሥልጣን አይጠፋም። ስጋታችንን የምናቆየው «ዘርፉ የወደቀ ቀን ምን ይውጠናል?» እያልን ነው። ጉዳቱ ግን የሚጀምረው ያ ቀን ሳይመጣ፣ ገበያው በደራበት ሰዓት ነው።

አንድ አነስተኛ ቶርኖ ቤት አስቡ። ባለቤቱ ለዓመታት ያሠለጠነውን ሠራተኛ የደራው ዘርፍ በእጥፍ ደመወዝ ወሰደበት። በኩባንያው አይፈረድም፤ በሠራተኛውም አይፈረድም፣ እጥፍ ደመወዝ ማን ይጠላል? ባለቤቱ የቀሩትን ለማቆየት ደመወዝ ይጨምራል። ወዲያው አከራዩ ይመጣል፤ ከእሱ የተሻለ የሚከፍል ቢሮ ፈላጊ አግኝቷልና። ባለቤቱ ፀጉር አስተካካይ ቢሆን ኖሮ ዋጋ ጨምሮ ይወጣው ነበር፤ ፀጉሩን ሊቆረጥ ሌላ ከተማ የሚሄድ የለም። መለዋወጫ ሠርቶ ወደ ሌላ ከተማ የሚልክ ሰው ግን ዋጋውን የሚወስኑለት እዚያ ያሉ ተፎካካሪዎቹ ናቸው። ወጪው ሽቅብ ይወጣል፣ መሸጫው ባለበት ይቆማል። ስለዚህ ቀድሞ የሚዘጋው እሱ ነው። ሲዘጋም ዜና አይሆንም።

ይህ ነገር በአገር ደረጃ ስም አለው፤ «የደች በሽታ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1959 በኔዘርላንድስ ግሮኒንገን ግዙፍ የተፈጥሮ ጋዝ ከተገኘ በኋላ ሌላው ኢንዱስትሪ ሲዳከም ታየና፣ በ1977 ዘ ኢኮኖሚስት መጽሔት ስሙን አወጣለት። በአገር ላይ በሽታው የሚገባው በዋናነት በምንዛሪ በኩል ነው፤ ከጋዙ የሚገባው የውጭ ገንዘብ የአገሩን ገንዘብ ያስወድዳል፣ ሌላው ወደ ውጭ የሚላክ ዕቃም አብሮ ይወደዳል። ከተማ የራሷ ገንዘብ ስለሌላት በኪራይና በደመወዝ በኩል ይገባባታል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ግን በሒሳብ መዝገብ የማይታየው ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ቤንጃሚን ቺኒትዝ የተባለ ኢኮኖሚስት ሁለት የአሜሪካ ከተሞችን፣ ኒው ዮርክንና ፒትስበርግን አነጻጸረ። ኒው ዮርክ በሺህ የሚቆጠሩ ትናንሽ የልብስ ስፌት ድርጅቶች ነበሯት፤ ፒትስበርግ ጥቂት ግዙፍ የብረት ኩባንያዎች። ግዙፉ ኩባንያ የሕግ ባለሙያውንም ማጓጓዣውንም በራሱ ግቢ ስለሚያሟላ፣ አዲስ ጀማሪ እነዚህን ደጅ ላይ ገዝቶ የሚያገኝበት ገበያ አይፈጠርም። ባንኩም ለትልቅ ማበደር ለምዷል፣ ትንሹን መመዘን አያውቅበትም። ልጆቹስ? የነጋዴ ልጅ ከአባቱ ሱቅ ውስጥ ኪሳራና ትርፍ ሲሰላ እያየ ያድጋል፤ የደመወዝተኛ ልጅ የሚያየው የወር መጨረሻን ነው። ይህችን የመጨረሻዋን ነጥብ መጀመሪያ ሳነብ ስቄባት ነበር። አሁን አልስቅም።

ሌላዋን የአሜሪካ ከተማ ዲትሮይትን ላንሳ። መኪና ከመምጣቱ በፊት የጀልባ ሞተር፣ የጋሪና የምድጃ ሠሪዎች የሞሉባት ከተማ ነበረች። የመኪናው ኢንዱስትሪ የተወለደው ከእነዚህ እጆች ነው፤ ከዚያ አድጎ ሁሉንም ዋጣቸው። እ.ኤ.አ. በ1950 ወደ 1.85 ሚሊዮን ሕዝብ ነበራት፣ በ2010 የቀራት 714 ሺህ ገደማ ነው። በ2013 መክሰሯን ለፍርድ ቤት አመለከተች። ምክንያቱ መኪና ብቻ ነው አልልም፤ የዘር መከፋፈሉም፣ ባለ ገንዘቡ ወደ ከተማ ዳርቻ መፍለሱም አለበት። ነገር ግን መኪና ሲዳከም ቦታውን የሚይዝ ሌላ ሥራ ያልነበረው፣ መኪና በደራበት ዘመን ስለከሰመ ነው።

ታዲያ የደራውን ዘርፍ እናባርረው? በፍጹም። በር መዝጋት የድሃ ከተማ ኩራት ነው። ቤትና የሥራ ቦታ በፍጥነት ይሠራ፣ ኪራይ የሚንረው ፈላጊ በዝቶ ግንባታ ሲዘገይ ነውና። ሠራተኛ የሚወስደው ኩባንያ የማሠልጠኑን ወጪ ይጋራ። ከተማውም ከዘርፉ የሚያገኘውን ግብር ለዓመታዊ ደመወዝ አያውለው፤ የሚቀንስ ገቢን በማይቀንስ ወጪ ማሰር እዳ ነው።

ከእናንተ የምጠይቀው አንድ ቀላል ነገር ነው። በሚቀጥለው ሪፖርታችሁ «የተፈጠረ የሥራ ዕድል» ከሚለው አምድ ጎን ሌላ አምድ ጨምሩ፦ በዓመቱ የተዘጉ አነስተኛ አምራቾች፣ የተዘጉበት ምክንያት፣ ሠራተኞቻቸው የሄዱበት። አምዱን ለመሙላት ቤት ለቤት መዞር ካስፈለገ፣ እኔ ለመዞር ዝግጁ ነኝ።

አመሰግናለሁ።