ከግንቡ ሥር ያለው ቀርከሃ

ዛሬ ከድምፄ ጀርባ የምትሰሙት ሽውታ የመቅጃው እንከን አይደለም። ይህን ክፍል የምቀዳው ማይክሮፎኑን በአንድ አሮጌ ዱላ ላይ አስሬ፣ ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ በወላጆቼ ቤት ጓሮ ተቀምጬ ሲሆን፣ የሚንሿሿው ከኋላው ግንብ ሥር የቆመው ቀርከሃ ነው። ቀርከሃ ስል ግን ልማድ ሆኖብኝ ነው፤ በዚያ አንድ ስም ውስጥ ምን ምን ተደብቆ እንደኖረ ለማወቅ ከጥር እስከ ነሐሴ ፈጅቶብኛል፤ የዛሬው ወሬዬም እርሱ ነው።

እኛ ቤት ከግንቡ ሥር ያለው ረጅም አገዳ ሁሉ ስሙ ቀርከሃ ነበር። እናቴ ልብስ የምታሰጣው ከቀርከሃው እስከ ኒሙ በተወጠረው ገመድ ላይ ነበር፤ አባቴ ከቀርከሃው ሥር እባብ አይጠፋም እያለ ያስፈራራን ነበር፤ ኳሳችን የሚጠፋውም እዚያው ነበር። አንድም ቀን የትኛው ቀርከሃ ብሎ የጠየቀ ሰው አላስታውስም። ጥያቄው የመጣው የተሰነጠቀውን ግንብ እንዲያድስልኝ የጠራሁት ግንበኛ መዶሻውን አስቀምጦ፣ ወገቡን ይዞ፣ "አንቺ፣ ይሄን ሁሉ ካልነቀልሽ እኔ አልሠራም፤ ግንቡን የሚያፈርሰው ሥሩ ነው" ባለኝ ጊዜ ነው። ከድሬ ውጭ ሆናችሁ ለምታዳምጡኝ ልንገራችሁ፤ ሰውዬው አልደፈረኝም፤ ድሬ አንቱታ ብዙም አይሆንላትም።

የሚነቅልልኝ ሰው አጥቼ አይደለም። ግንበኛው ያለው ለአንዳንዱ ቀርከሃ ብቻ እውነት እንደሆነ ሰምቼ ስለነበር ግን እጄ አመነታ። ቀርከሃ የሣር ወገን ነው፤ ጤፍም፣ ስንዴም፣ ሸንኮራ አገዳም ከሚገኙበት ቤተሰብ ይመደባል፤ በዓለም ላይ ያሉት ዝርያዎቹም ከ1,400 ይበልጣሉ። ከመሬት በታች ያለው ግንዱ ሁለት ዓይነት ጠባይ አለው። አንደኛው ቀጭንና ረጅም ሆኖ አፈር ለአፈር እየሮጠ፣ ከእናቱ ብዙ ሜትር ርቆ፣ ከጎረቤት ደጃፍ ብቅ የሚል ነው። ሁለተኛው አጭርና ወፍራም ሆኖ፣ ጥቂት ሄድ እንዳለ ወደ ላይ ታጥፎ ራሱ አገዳ ስለሚሆን፣ ቁጥቋጦው ከዳር ከዳሩ ብቻ ቀስ እያለ ይሰፋል። የእኛው የመጀመሪያው ከሆነ ግንበኛው ልክ ነው፤ ሁለተኛው ከሆነ ግን ያደግሁበትን ጥላ በከንቱ ላስቆርጥ ነው።

መጀመሪያ ያደረግሁት እናንተም የምታደርጉትን ነው፤ ቅጠሉን ፎቶ አንስቼ ስልኬን ጠየቅሁት። በሦስት ቀን ሦስት ስም ሰጠኝ፤ አንደኛው በቆሎ የሚል ነበር። ቆይቼ ስረዳው ጥፋቱ የስልኩ ብቻ አልነበረም። የቀርከሃ ቅጠል አንዱን ዝርያ ከሌላው ለመለየት የሚሰጠው ፍንጭ ትንሽ ነው። የዕፅዋት ሊቃውንት በዋናነት የሚተማመኑበት ደግሞ አበባ ነው፤ ቀርከሃ ግን ለማበብ የማይቸኩል ፍጥረት ሲሆን፣ እስያ ውስጥ በየ120 ዓመቱ ገደማ የሚያብብ ዝርያ አለ። አበባውን ልጠብቅ ብል ጥያቄዬን ለልጅ ልጆቼ ማውረስ ሊኖርብኝ ነው።

ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ማለዳ ቅርንጫፍ ቆርጬ፣ በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ የደንገጎን ዳገት ወጥቼ፣ ሐረማያ ስለ ዕፅዋት ወደሚያስተምር የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ሄድኩ። ደንገጎን የወጣ ሰው ያውቀዋል፤ ከድሬ ሙቀት ተነስታችሁ ጥምዝምዙን ስትጨርሱ ሹራብ ያምራችኋል። ጓደኛዬ ጋዜጣውን ገልጦ ቅጠሉን እንዳየ ሳቀብኝ። "መታወቂያ ሲጠየቅ የፀጉሩን ዘለላ ይዞ የሚመጣ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?" አለኝ። ከዚያም ማምጣት የነበረብኝን በወረቀት ጻፈልኝ፦ ከአገዳው ከታችኛው ክፍል ሁለት አንጓ ያለበት ቁራጭ፣ ቅርንጫፎቹ ከአንጓው የሚወጡበት ቦታ፣ ከሥሩ ጥቂት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አዲሱ ቡቃያ ተጠቅልሎበት የሚወጣው ሽፋን። ያንን ሽፋን እኔ ሰገባ እለዋለሁ፤ ቡቃያውን እንደ ጎራዴ ዋጥ አድርጎ ስለሚይዘው ነው። ችግሩ ትኩስ ሰገባ የሚገኘው ቡቃያ ሲኖር ብቻ ነው፤ ቡቃያ ደግሞ ዝናብ ይፈልጋል፤ እኛ ይህን የምንነጋገረው ጥር ላይ ነበር።

እስከ ክረምት ድረስ ግን እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። ከጥግ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ ውኃ መውረጃ አጠገብ ያለው፣ ግንበኛው በጣቱ ያመለከተኝ፣ ጭራሽ ቀርከሃ አልነበረም። ሸምበቆ ነው። የቀርከሃ ቅጠል ከቅርንጫፉ ጋር የሚያያዘው እንደ ክብሪት እንጨት በቀጠነች አጭር እጀታ ነው። ሸምበቆ እጀታ የለውም፤ ሰፊው ቅጠሉ አገዳውን እንደ በቆሎ አቅፎ ይነሣል፤ ስልኬ በቆሎ ያለው ለካ ይህንኑ ኖሯል። ከጫፉ የሚወጣው ላባ መሳይ፣ ነጣ ያለ የአበባ ዘለላም አለ፤ ልጆች ሳለን እርሱን እየቆረጥን ሠርገኛ መጣ ስንል፣ ዘውድም ስናደርገው አድገናል፤ ማስረጃው በእጃችን ነበር ማለት ነው። ሸምበቆ ውኃ ወዳድ ስለሆነ ሥሩን ተከትለን ስንቆፍር የተሰበረ የፍሳሽ ቱቦ አገኘን። ለዓመታት የግንቡን መሠረት ሲያርስ የኖረው የቱቦው ውኃ ነበር፤ ሸምበቆው የመጣው ሊጠጣ ነው። ግንበኛው ጎንበስ ብሎ ቱቦውን አየና "አላልኩሽም?" አለኝ። ምን እንዳለኝ እስካሁን አልገባኝም።

በመካከል የቆመው ቢጫው ነው። አገዳው ወርቃማ ሆኖ፣ አንድ ሠዓሊ ብሩሹን አረንጓዴ ቀለም ነክሮ ከላይ ወደ ታች የጎተተው የሚመስል መስመር አለበት፤ አንዱ መስመር ከሌላው በስፋት አይገጥምም፤ በአንዳንዱ አንጓ ላይም መስመሩ ጨርሶ ይጠፋል። ሁለት ቀን ከዘነበ በኋላ፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ ከቁጥቋጦው ዳር አፈሩን ሰንጥቆ የወጣ፣ የክንዴን ያህል የወፈረ ሾጣጣ ነገር አየሁ። ቀርከሃ ዕድሜ ልኩን የሚኖረውን ውፍረት ይዞ ነው የሚወለደው፤ እንደ ዛፍ ዓመት በዓመት አይወፍርም፤ በጥቂት ወራት ቁመቱን ይጨርስና ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሥራ መጠንከር ብቻ ነው። ማለዳ ማለዳ እየተነሣሁ ግንቡ ላይ በጠመኔ ምልክት አደርግ ነበር፤ በአንዳንዱ ሌሊት ከአንድ ስንዝር በላይ ጨምሮ አገኘዋለሁ። ቡና አፍልቼ ወንበር ይዤ ሲያድግ ላየው የተቀመጥኩበት ቀን እንኳን አለ፤ ይህን ለእናቴ አትንገሩብኝ።

ሰገባውን ለማግኘት ቸኩዬ በባዶ እጄ ስይዘው መዳፌ በጥቃቅን ጥቁር ቡናማ ፀጉር ተሞላ፤ ሳክ አመሸሁ። ለጓደኛዬ ደውዬ ሳማርር "እሱን ነበር የፈለግሁት" አለኝ፤ ለካ ፀጉሩ ራሱ ምልክት ነው። ሰገባውን ግንቡ ላይ ዘርግቼ አየሁት፤ ጫፉ ላይ ሦስት ማዕዘን የሆነች ቅጠል አለችበት፤ ከግራና ከቀኟ ዳራቸው ጭገር ያለባቸው ሁለት ጆሮዎች ቆመዋል። ወደ መሬት በቀረቡት አንጓዎች ዙሪያም ያልወጡ የሥር ጫፎች እንደ ዶቃ ተደርድረዋል። እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ይዞ የተገኘው ባምቡሳ ቩልጋሪስ ይባላል፤ የእኛ ዓይነቱ ባለ ቢጫ ደግሞ ቪታታ የሚል ተቀጽላ አለው። ቩልጋሪስ በላቲን ተራ፣ የትም የሚገኝ ማለት ነው፤ ትውልዱ ከእስያ ይሁን እንጂ ዛሬ በዓለም ሞቃት አገሮች ሁሉ የተተከለ ስለሆነ ስሙ አልበዛበትም። ሥሩም አጭሩና ወፍራሙ ነው፤ አይሮጥም።

ልቤ የነበረው ግን ከሦስተኛው ዘንድ ነው። በግራ በኩል ችፍግ ብሎ የቆመ፣ አገዳው ከአውራ ጣት የማይወፍር፣ ጫፉን ወደ ውጭ ጎንበስ ያደረገ ነው። ይህ የአገራችን ቀርከሃ እንዲሆንልኝ ፈልጌ ነበር፤ እውነቱን ልናገር። በኢትዮጵያ በተፈጥሮ የሚበቅሉት ቀርከሃዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሁለቱ በአንድነት የሚሸፍኑት መሬት ወደ 1 ሚሊዮን ሄክታር እንደሚገመት በተደጋጋሚ ይጻፋል። አንደኛው የደጋው ነው፤ ከ2,200 ሜትር ገደማ በላይ፣ በአዊ፣ በሲዳማ፣ በሸካ፣ በጨንቻ የሚበቅለው፣ የዶርዜን ረጅም ቤት የሚያቆመው እርሱ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ብዙ ጊዜ ተለዋውጦ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ ኦልዴያኒያ ተብሏል፤ ቃሉ በታንዛኒያ ካለ ተራራ ስም የመጣ ሲሆን፣ የተራራው ስም ደግሞ በማሳይ ቋንቋ ቀርከሃ ማለት ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ የተቀመጠች ስለሆነች እርሱ ከመጀመሪያው ከጨዋታ ውጭ ነበር። የቆላው ግን ሙቀትና ድርቅ ይችላል፤ በአሶሳ ዙሪያና በሌላው የምዕራብ ቆላ በሰፊው ይበቅላል፤ ሳይንሳዊ ስሙም ኦክሲቴናንቴራ አቢሲኒካ ነው። የአገሬን የድሮ ስም አዝሎ የሚሄድ ተክል በእናቴ ልብስ ማስጫ አጠገብ ቢገኝ እንዴት ደስ ባለኝ ነበር። የእርሱ ትልቁ ምልክት ሆዱ ነው፤ አብዛኛው ቀርከሃ ውስጡ ባዶ ሲሆን፣ የቆላው ቀርከሃ ድፍን ወይም ለድፍን የቀረበ ነው። ሽመል የሚሆነውም ስለዚህ ነው።

ለወራት ማስረጃ ስሰበስብ ከርሜ የሚያስደስተኝን ብቻ መዝግቤያለሁ። ሥሩ አጭር ነው፤ ይስማማል። ሙቀት ችሏል፤ ይስማማል። ከቅርንጫፉ በላይ ያለውን የአገዳውን ገጽ በአውራ ጣቴ ዳስሼ ቦይ እንደሌለው አረጋግጫለሁ፤ ቦይ ቢኖረውና ከአንጓው ሁለት ቅርንጫፍ ብቻ ቢያወጣ ከሯጮቹ ወገን ከፊሎስታኪስ ይመደብ ነበር፤ ይህም ይስማማል። መጋዝ ማንሣት ብቻ ቀርቶኝ ሳለ እርሱን ሳዘገይ ቆየሁ። በመጨረሻ ነሐሴ ላይ ግቢያችንን የሚንከባከቡት ጋሼ አንዱን የደረቀ አገዳ ያዙልኝና ቆረጥኩት። መጋዙ ሁለት ጊዜ ሄዶ መጣ፤ አገዳው እጄ ላይ ወደቀ። ለድፍን በጣም ፈጥኗል። በሁለት አንጓዎች መካከል ድጋሚ ቆርጬ ቁራጩን ወደ ዓይኔ አስጠጋሁት፤ በወዲያኛው አፉ ኒሙ ይታየኛል። ጋሼ ከእጄ ወስደው አገላብጠው ነፋ አደረጉትና "ለዋሽንት ይሆናል እኮ" አሉኝ፤ ሊያጽናኑኝ ነው መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ የቀሩትን ምልክቶች ለማንበብ የሚከለክለኝ ምኞት አልነበረም። ከየአንጓው እንደ መጥረጊያ ተቆጥሮ የማያልቅ ቀጫጭን ቅርንጫፍ ይወጣል፤ የቅጠሉ ጀርባ ከፊቱ ይልቅ ነጣ ይላል፤ ሰገባው ፀጉር የለውም፤ ጆሮዎቹም የሉም ለማለት ይቻላል። ባምቡሳ መልቲፕሌክስ ነው፤ ከቻይናና ከአካባቢዋ የመጣ፣ በየአገሩ ለአጥር የሚተከል። በሁለተኛው ጉዞዬ ጓደኛዬ ቁራጮቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ ለማረጋገጥ የፈጀበት አምስት ደቂቃ አይሞላም፤ ለማኩረፌ ግን ምክንያቱ አልገባውም።

መመለሻዬ ላይ በከዚራ ጥላ ሥር ሳልፍ ዙሪያዬን ማየት ጀመርኩ። ኒሙ የሕንድ ክፍለ አህጉር ልጅ ነው። በሌላው አገር የድሬዳዋ ዛፍ እየተባለ በእኛ ስም የሚጠራው፣ ሲያብብ መንገዱን የሚያቀላው ዛፍ፣ ትውልዱ ማዳጋስካር ነው። ከተማዋ ራሷስ ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ሲደርስ የተቆረቆረች አይደለችምን? ኩርፊያዬ ቀስ እያለ ለቀቀኝ፤ ሁለቱንም ቀርከሃዎች አላስነቀልኳቸውም፤ ግንበኛውም ቱቦው ከተቀየረ በኋላ ግንቡን ሠራ።

ያን ቀን ማታ የተቆራረጠውን አገዳ ጠርጌ ስጨርስ የአንድ ሰው ፍየል ከበሩ ገብታ ቡቃያዬን ልትቀምስ ቀረበች፤ ላባርራት ከበሩ ኋላ ዘወትር የሚቆመውን የአባቴን ዱላ አነሣሁ። ልጅ ሳለሁ የምፈራው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እዚያው ያለው ዱላ ነው። ስይዘው አንጓው መዳፌን ቆረቆረው። ገልብጬ ጫፉን በስልኬ መብራት አየሁት፤ ከዳር እስከ ዳር ድፍን ነው፤ በፈዛዛው ገላው ላይ ጥቃቅን ቡናማ ነጥቦች እንደተነሰነሰ ጥቁር አዝሙድ ተበትነዋል፤ መካከሉ ላይ መርፌ የምታስገባ ቀዳዳ እንኳን የለችም። ፍየሏ ሳትመታ ወጣች። ፎቶውን ለጓደኛዬ ላክሁለት፤ "እሱማ ሽመል ነው፣ አቢሲኒካ" ብሎ መለሰልኝ። ይህን ስቀዳላችሁ ማይክሮፎኑ የታሰረው በእርሱ ላይ ነው።