«ዲዛይነር ይፈለጋል» ሲባል የትኛው?

[ምስል፦ ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ያለ የማስታወቂያ ሰሌዳ። ካሜራው ወደ አንድ ወረቀት ይጠጋል።]

«ዲዛይነር ይፈለጋል። ሎጎ፣ ባነር፣ የቡና ማሸጊያ፣ አፕሊኬሽንና የቲክቶክ ቪዲዮ መሥራት የሚችል።»

ይህ ወረቀት የጠየቀው አንድ ሰው ሳይሆን አምስት ሙያ ነው። አንዱን ሙያ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ሌላው ላይ ምን እንደሚበላሽ ላያውቅ ይችላል፤ ጥፋቱ የሚታየው ደግሞ ከረጢቱ ታትሞ፣ ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ነው። ስለዚህ ሙያዎቹን በስማቸው ከመለየት በመጨረሻ በሚያስረክቡት ነገር መለየት ይሻላል።

የሐረር ቡና ቆልቶ በ250 ግራም ከረጢት ለመሸጥ የተነሳ አንድ የድሬ ነጋዴ እንውሰድ። ማንን ይቅጠር?

[ምስል፦ ባዶ የቡና ከረጢት፣ ጠረጴዛ ላይ።]

መጀመሪያ የሚያስፈልገው ብራንድ ዲዛይነር ነው። ብዙዎች «ሎጎ ሠሪ» ይሉታል፤ ሎጎው ግን የሥራው አንድ ክፍል ነው። የቀለሞቹን ትክክለኛ ቁጥር፣ የሚጠቀሙባቸውን የፊደል ዓይነቶችና የአጠቃቀም መመሪያም ያስረክባል። ድሬ ላይ ሥራው ይከብዳል፤ ያው ስም በግዕዝ ፊደል፣ ለኦሮምኛና ለሶማሊኛ በላቲን፣ አንዳንዴም በዐረብኛ ይጻፋል። ሎጎው ለአንዱ ፊደል ብቻ ታስቦ ከተሠራ ሌሎቹ ኋላ ላይ ጥግ ይዘው ይለጠፋሉ፤ ያስታውቃልም።

ሎጎውን በጄፔግ (በተራ የፎቶ ፋይል) ብቻ ከሰጣችሁ አትቀበሉ። 500 ፒክስል (የምስሉ ጥቃቅን ነጥቦች) ስፋት ያለው ምስል በ300 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ፣ ሲታተም 4.2 ሴንቲሜትር ገደማ ነው የሚሆነው። ያንኑ 3 ሜትር ባነር ላይ ብትወጥሩት እያንዳንዷ ፒክስል 6 ሚሊሜትር ትሆናለች፤ የፊደሉ ጠርዝ ደረጃ ደረጃ ይሠራል። ቬክተር ፋይል ግን ቅርጹን በነጥብ ሳይሆን በሒሳብ መስመር ስለሚይዝ የቱንም ያህል ቢለጠጥ አይሰበርም። ጄፔጉን ኢሉስትሬተር በሚባለው የቬክተር መሥሪያ ፕሮግራም ውስጥ አስገብቶ በፒዲኤፍ ማውጣት ቬክተር አያደርገውም። በጣም አጉልታችሁ እዩት፤ ጠርዙ ከደበዘዘ ፎቶ ነው።

ግራፊክ ዲዛይነር ይህን መመሪያ ተቀብሎ የየዕለቱን ሥራ ይሠራል፤ በራሪ ወረቀት፣ ፖስተር፣ ባነር፣ የማኅበራዊ ሚዲያ ምስል። ጥሩ ግራፊክ ዲዛይነር ሁልጊዜ አዲስ ቀለም አይፈልግም፤ ያለውን ያከብራል።

[ምስል፦ ከረጢቱ ተዘርግቶ፣ የማጠፊያና የመቁረጫ መስመሮቹ ይታያሉ።]

የማሸጊያ ዲዛይነር ግን ሌላ ሰው ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። እሱ የሚሠራው ታጥፎ በሚቆም ዕቃ ላይ ስለሆነ ሥዕል ከመጀመሩ በፊት ከከረጢቱ አምራች የመቁረጫና የማጠፊያ መስመሩን ይጠይቃል። ሳይጠይቅ ከጀመረ የቡናው ስም ግማሹ የጎን እጥፋት ውስጥ ይገባል። አዲስ የተቆላ ቡና ለቀናት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያወጣ ከረጢቱ አየር ማስወጫ ቫልቭ ያስፈልገዋል፤ ቦታው በንድፉ ላይ ካልተያዘለት ቫልቩ ጽሑፉን በስቶ ይወጣል። ከረጢቱ ብርማ ከሆነም ከቀለሞቹ ሥር ነጭ መሠረት መታተም አለበት፤ ያለዚያ ቀይ የነበረው ጠቁሮ ይወጣል።

ባርኮዱም አለ። ባለ13 አሃዙ ባርኮድ መደበኛ ልኩ 37.29 በ25.93 ሚሊሜትር ነው፤ ቢያንስ ግን የዚህን ልክ 80 በመቶ መሆን አለበት። ለማሳመር ብሎ መስመሮቹን ቀይ የሚያደርግ አለ። ብዙዎቹ የመደብር ማንበቢያዎች የሚያበሩት ቀይ ብርሃን ነው፤ በቀይ ብርሃን ቀይ መስመር ከነጩ አይለይም። ጥቁር በነጭ ላይ ይሁን።

[ምስል፦ ማተሚያ ቤት። አራት ፕሌቶች፣ አራት ቀለሞች።]

ማተሚያ ቤቶች ፕሪፕሬስ የሚሉት ባለሙያ ስሙ ብዙም አይነሳም፤ ብዙ ሥራ የሚያድነው ግን እሱ ነው። ፋይሉን ለፕሌት (ቀለሙን ለሚያሳርፈው የማተሚያ ሰሌዳ) ያዘጋጃል። የሚያያቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው። የስክሪኑ አርጂቢ ቀለም (ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ) ወደ ኅትመቱ ሲኤምዋይኬ (ሳያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫ፣ ጥቁር) ተቀይሯል ወይ? ቀድሞ ተቀይሮ ካልታየ ደማቁ አረንጓዴና ብርቱካን ወረቀት ላይ ሳይታሰብ ይደበዝዛል። ለመቁረጫ በየጎኑ 3 ሚሊሜትር ትርፍ አለ ወይ? 90 በ50 ሚሊሜትር የሆነ ቢዝነስ ካርድ ፋይሉ 96 በ56 መሆን አለበት፤ ያለዚያ ቢላዋው ጥቂት ሲስት ጠርዙ ላይ ነጭ መስመር ይቀራል። ደቃቁ ጽሑፍ በጥቁር ቀለም ብቻ ነው ወይስ በአራቱም? በአራቱም ከሆነ ፕሌቶቹ በጥቂቱ ሲዛነፉ ፊደሉ ጥላ ያወጣል።

ለአማርኛ ደግሞ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። በቀ እና በቃ፣ በሐ እና በሑ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ምልክት ናት። ጥቁር መደብ ላይ በነጭ፣ በጣም ደቅቆ ከተጻፈ ቀለሙ ያችን ምልክት ይውጣታል። ከ7 ነጥብ የፊደል መጠን በታች ባትወርዱ ይመረጣል። ዩኒኮድ ባልሆነ አሮጌ ፎንት የተጻፈ ጽሑፍም ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም አልባ ምልክት ይሆናል። ስለዚህ ለማተሚያ የሚሄደው ቅጂ ፊደሎቹ ወደ አውትላይን (ፎንት ወደማያስፈልገው ቅርጽ) ይቀየሩ፤ የሚታረመው ቅጂ ግን ለብቻው ይቀመጥ፤ አውትላይን የሆነ ጽሑፍ እንደገና እንደ ጽሑፍ አይታረምምና።

[ምስል፦ ስልክ፣ በቀትር ፀሐይ።]

ነጋዴው ቡናውን በአፕሊኬሽን ሊሸጥ ቢያስብ ዩኤክስ (የአጠቃቀም) እና ዩአይ (የገጽታ) ዲዛይነር የሚባሉት ይመጣሉ። ሁለቱን አንድ አድርጎ ማየት የተለመደ ነው። ዩኤክስ ዲዛይነር ሰዎች እንዴት እንደሚያዝዙ ያጠናል፤ የሚያስረክበውም የጥናት ውጤት፣ የአጠቃቀም ፍሰትና ቀለም የሌለው ረቂቅ ነው። ቅጹ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ካላገኘ አላሳልፍ ቢል፣ «ከምድር ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት» ብሎ አቅጣጫ የሚሰጥ ደንበኛ እዚያው ይቆማል። ይህን የሚይዘው ዩኤክስ ነው። ለአምስት ሰው ስልኩን ሰጥቶ «ግማሽ ኪሎ እዘዙ» ይላቸዋል፤ ከዚያ ዝም ብሎ ያያል። ሲሳሳቱ ካገዛቸው ሙከራው ከንቱ ነው።

ዩአይ ዲዛይነር የሚታየውን ገጽ ይሠራል። ዋናውን ገጽ ብቻ አይደለም፤ ኔትወርክ ሲጠፋ፣ ክፍያ ሲከሽፍ፣ ዝርዝሩ ባዶ ሲሆን የሚታየውንም ጭምር። የጽሑፍና የመደብ ንፅፅር ቢያንስ 4.5 ለ1 ይሁን፤ ፈዛዛ ግራጫ በድሬ ፀሐይ አይነበብም። ቁልፉ 9 ሚሊሜትር ገደማ ይሁን፤ ከዚያ ካነሰ ጣት ይስታል። ቋንቋ ሲቀየርም ቦታ ያስፈልጋል። «ቡና» በግዕዝ ሁለት ፊደል ነው፤ በኦሮምኛ በላቲን ሲጻፍ አራት ይሆናል። ለአማርኛው ልክ የተሠራ ቁልፍ ኦሮምኛውን ይቆርጠዋል።

ሠዓሊው የከረጢቱን ሥዕል፣ የሞሽን ዲዛይነሩ ተንቀሳቃሹን ምስል ይሠራሉ፤ የቲክቶክ ቪዲዮ ልኩ 1080 በ1920 ፒክስል ነው። አርት ዳይሬክተር በእጁ ብዙ ሳይሠራ የሁሉም ሥራ አንድ መልክ እንዲይዝ የሚመራ ነው፤ ሦስት አራት ሰው ለሌለው ድርጅት አያስፈልግም።

[ምስል፦ ያው ሰሌዳ፣ አዲስ ወረቀት።]

በጀቱ ጠባብ ከሆነ ሎጎና ማሸጊያ ሁለቱንም የሚችል አንድ ሰው ማግኘት ይቻላል፤ አፕሊኬሽኑ ይቆይ። ማስታወቂያው ግን እንዲህ ይጻፍ፦ «ለ250 ግራም የቡና ከረጢት የማሸጊያ ዲዛይነር ይፈለጋል። ከዚህ ቀደም የታተመ ከረጢት ማሳየት የሚችል። የሚያስረክበው፦ በመቁረጫ መስመሩ ላይ የተሠራ፣ በሲኤምዋይኬ የሆነ የኅትመት ፒዲኤፍ፣ የሚታረመው ዋና ፋይል፣ ፎንቶቹና ሎጎው በቬክተር። የመጨረሻው ክፍያ የሚፈጸመው የናሙና ኅትመቱ ከታየ በኋላ ነው።»