በማን ጣት ለካችሁ? ስለ ሕፃናት የአኩፕሬሸር (የሰውነት ነጥቦችን በጣት እየተጫኑ የማሸት ዘዴ) ነጥቦች የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከካዛንቺስ፣ የሰባት ወር ሕፃን እናት፦ ለሆዷ ብዬ ከጉልበቷ በታች ያለውን ነጥብ ሥዕሉ እንደሚለው በአራት ጣት ለካሁ። አጥንት ላይ ያርፍብኛል።

መልስ፦ በማን አራት ጣት? ባንቺ ከሆነ እኮ ቁርጭምጭሚቷ ጋ ልትደርሺ ነው! ልኬቱ ሁልጊዜ በልጁ ጣት ነው። አራት ጣቶቿን ገጥመሽ መሃለኛው መገጣጠሚያ ላይ ያለውን ስፋት በክር ለኪ። ከዚያ ጉልበቷን እያጠፍሽ እየዘረጋሽ ሎሚውን ፈልጊ፤ የሕፃን ሎሚ ገና ልም አጥንት ስለሆነ በጣት ቶሎ አይለይም። ከሎሚው ሥር በውጭ በኩል ካለው ስርጉድ ክሩን ወደ ታች ዘርጊ፤ ከቅልጥሟ ጠርዝም የአንድ ጣቷን ስፋት ያህል ወደ ውጭ ውጪ። ጡንቻ ካገኘሽ ደርሰሻል፤ አጥንት ካገኘሽ ወደ ውጭ አልወጣሽም። እንዲህ ባለች እግር ላይ ደግሞ በሚሊሜትር አትጨነቂ፤ አካባቢውን በአውራ ጣትሽ ለስላሳ በኩል አንድ ደቂቃ ያህል ማሸት ይበቃል። ነጥብ ያረጋጋል እንጂ በሽታ አይመረምርም። ለቅሶዋ ካልቆመ ሐኪም ይያት።

ከፒያሳ፣ አባት፦ ምን ያህል ልጫን?

መልስ፦ ዓይንህን ጨፍነህ ቆቡን ሳያምህ የምትጫነውን ያህል። ጥፍርህንም ቁረጥ።

ከአራት ኪሎ፦ የአምስት ዓመት ልጄ መኪና ላይ ያስመልሰዋል። የእጅ አንጓው ነጥብ የት ነው?

መልስ፦ መዳፉን ወደ ላይ አድርጊው። ከአንጓው እጥፋት ሦስት ጣት ወደ ክርኑ፣ በሁለቱ ጅማቶች መካከል። በራሱ ሦስት ጣት፣ ደግሜ ልበል! ወፍራም ልጅ ክንዱ ላይ ብዙ እጥፋት ስላለው እናቶች የተሳሳተውን ይይዛሉ፤ እጁን ስታጥፊ የሚታጠፈው ነው ትክክለኛው። ከጉዞው በፊት ጀምሪ፣ ሆዱንም አታጭቂው።

ከቸርችል ጎዳና፦ ነፍሰ ጡር ነኝ፤ መጀመሪያ ራሴ ላይ ልለማመድ?

መልስ፦ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለውንና ከቁርጭምጭሚት በላይ በውስጥ በኩል ያለውን ተዪ፤ የሙያው ሰዎች በእርግዝና ጊዜ አይነኳቸውም።

ከራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ፣ አያት፦ የአሥር ወሩ የልጅ ልጄ ተቅማጥ ይዞት እርግብግቢቱ ጎድጉዷል። ቅቤ አደረግሁለት። ከራሱ ላይ የቱን ነጥብ ልጫን?

መልስ፦ የትኛውንም አይጫኑ፣ እናቴ። እርግብግቢት የራስ ቅል አጥንቶች ገና ያልተጋጠሙበት ቦታ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚገጥመው ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ነው። የጎደጎደው ከሰውነቱ ውሃ ስላለቀ ነው፤ ውሃውን ደግሞ ቅቤም ጣትም አይመልሰውም። ነገ ጎረቤት መጥታ «ግግ ነው፣ ይነቀል» ትልዎታለች። እሺ እንዳይሏት! ግግ የሚሉት ድድ ውስጥ ያለ ያልወጣ ጥርስ ነው፤ ተቅማጥ አያመጣም። መንቀሉ ግን ደም ያፈሳል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ከሥሩ ያለውን ቋሚ ጥርስም ያበላሻል። እንጥል ማስቆረጥም ያው ነው።

አሁን ይህን ስልክ ዘግተው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ከመሸም የዘውዲቱ ወይም የየካቲት 12 ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አለ። ለምለም (በውሃ የሚበጠበጠው የተቅማጥ ዱቄት፣ ORS) ቤት ካለ በጥብጠው መንገድ ላይ በማንኪያ ይስጡት። ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ውሃ አይተው ነው የሚበጠብጡት፤ የተለመደው ሙሉ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው። በግምት አይሁን፤ ከወፈረ ጨው ይበዛበታል፣ ከቀጠነም አይተካለትም። ካስመለሰ አሥር ደቂቃ ጠብቀው በዝግታ ይቀጥሉ። በዚህ ዕድሜ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ይሰጣል፣ ጡቱም አይቋረጥ። የተበጠበጠው 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋ። የዚንክ እንክብሉን ጤና ጣቢያው ይሰጥዎታል። ከፈዘዘ፣ መጥባት ካቃተው ወይም ሆዱን ቆንጥጠው ሲለቁት ቆዳው በዝግታ ከተመለሰ፣ ሰዓት እየቆጠሩ የሚጠበቅበት ጊዜ አይደለም። ሌሎቻችሁም ስሙ፦ እርግብግቢቱ ልጁ ሳያለቅስ ካበጠና ትኩሳት ካለ፣ እሱም ሩጫ ነው።

ከጊዮርጊስ፦ የሁለት ወር ልጄ ትኩሳቷ 38.4 ነው። የቱ ነጥብ ያበርድላታል?

መልስ፦ ከሦስት ወር በታች 38 ከደረሰ ነጥብ የለም፣ የቤት መድኃኒትም የለም። ታክሲ ያዢ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ይያት።