የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ተራዳው ለምን ያዘነብላል?

(ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ የምደውለው ከባሕር ዳር ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ጣና ላይ ታንኳ ቀዝፌአለሁ። በፈረንጆች ሥዕል ማዕበል የያዘው መርከብ ሁልጊዜ ያዘነብላል እንጂ አይሰምጥም። ሠዓሊዎቹ ውሃ አያውቁም እንዴ?

መልስ፦ አባቴ፣ ውሃውንስ ያውቁታል። መርከቡ ከሰመጠ ግን ለሠዓሊው የሚቀረው ውሃ ብቻ ነው። የእርስዎ የደንገል ታንኳ ተራዳ፣ ማለትም ሸራ የሚሰቀልበት ምሰሶ፣ ስለሌላት ማዘንበሏ ከሩቅ ጎልቶ አይታይም። መርከብ ግን ረጅም ተራዳ አለው። የሥዕሉ ክፈፍ ቀጥ ያለ ስለሆነ እንደ ግንበኛ ቱንቢ ያገለግላል፤ ተራዳው ከቱንቢው በራቀ መጠን የተመልካቹ ሆድ ይናጣል። ሆላንዳዊው ሠዓሊ ሬምብራንት በ1633 የገሊላን ማዕበል ሲሥል ይህንኑ አድርጓል። ከፊት ያሉት ሐዋርያት ከተቀደደው ሸራ ጋር ይታገላሉ፣ ከኋላ ያሉት ጌታን ይቀሰቅሳሉ፣ አንዱ በጎን ተንጠልጥሎ ያስታውካል። ከሁሉም የምወድደው ይህን ሰው ነው። ቢቆጥሯቸው 14 ናቸው፤ ገመድ ጨብጦ ወደ እኛ የሚያየው ትርፉ ሰው ራሱ ሬምብራንት እንደሆነ ይነገራል።

«ሁልጊዜ» ያሉትን ግን አልቀበልም። ሩሲያዊው ሠዓሊ አይቫዞቭስኪ በ1850 በሣለው «ዘጠነኛው ሞገድ» መርከቡ የለም፤ ሰዎች በስባሪው ላይ ተንጠልጥለው ነግቶባቸዋል።

ጥያቄ፦ የደብረ ማርቆስ ተማሪ ነኝ። በወጀብ መካከል እንዴት ይሣላል? ወረቀቱ አይርስም?

መልስ፦ ልጄ፣ አብዛኛው ሥራ የሚያልቀው ቤት ውስጥ ነው። ሆላንዳዊው ሠዓሊ ቪለም ፋን ደ ቬልደ (ልጁም በዚሁ ስም ይጠራ ነበርና፣ አባትየው ማለቴ ነው) በባሕር ውጊያ መካከል በጀልባ ሆኖ ንድፍ ይነድፍ ነበር። አይቫዞቭስኪ ደግሞ የሚንቀሳቀስን ሞገድ እያዩ መሣል አይቻልም ባይ ነበርና በትዝታ ይሥል ነበር። እንግሊዛዊው ተርነር በ1842 በበረዶ ወጀብ የተያዘች የእንፋሎት መርከብ ሥሎ፣ ወጀቡን ለማየት ለአራት ሰዓታት ከተራዳ ጋር ታስሬ ነበር ማለቱ ይተረካል። የታሪክ ጸሐፊዎች ይጠራጠራሉ፤ እኔም አላምነውም፣ ዕድሜው ከ60 አልፎ ነበር። ሥዕሉን ግን አምነዋለሁ፤ ሰማይና ባሕር ተደባልቀው ይሽከረከራሉ፣ መርከቧ መሃላቸው ጠቁራ ትታያለች። በጊዜው የሳሙና አረፋ ነው ብለው ቀልደውበታል።

ጥያቄ፦ ከሞጣ ነው። የሬምብራንቱን ሥዕል የት ሄጄ ልየው?

መልስ፦ የትም። በማርች 18 ቀን 1990 ፖሊስ መስለው የገቡ ሌቦች ቦስተን ከሚገኘው የጋርድነር ሙዚየም ከሌሎች 12 ሥራዎች ጋር ወሰዱት። ሥዕሉን ቆርጠው ነው ያወጡት፤ ባዶ ክፈፉ ዛሬም እዚያው እንደተሰቀለ ነው።