የቀነሰው ኪሎ ኪሳራ ነው? (የማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር፣ ጅማ)

ክቡራን እንግዶች፣ ውድ የሳይንስ መምህራን ማኅበራችን አባላት፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። አካም ቡልተኒ። ከአጋሮና ከሊሙ ጎህ ሳይቀድ ተነስታችሁ የመጣችሁ አላችሁ፣ ምስጋናዬ ከልብ ነው። አዳራሹን በነጻ ለሰጡንና ቡናውን ላፈሉልን እህቶችም እናመሰግናለን።

የዓመቱን ሪፖርት ጸሐፊያችን በዝርዝር ያቀርቡታል፣ እኔ ቶሎ ልለፈው። የሳይንስ ዐውደ ርእይ አዘጋጅተናል። ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞች የቅዳሜ ማጠናከሪያ ሰጥተናል። ጊዜ ያለፈባቸውን ኬሚካሎች ከሁለት ላቦራቶሪዎች ለይተን አውጥተናል። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው አላየውም፣ እኔ ግን እኮራበታለሁ። ለዛሬ ይህ ይበቃኛል።

ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነገር ነው።

ኅዳር ላይ፣ ቡና በሚለቀምበት ሰሞን፣ አንድ ዕጩ መምህር ፕራክቲከም (የማስተማር ልምምድ) ላይ እያለ ከክፍሉ ኋላ ተቀምጬ ነበር። የሚያስተምረው ስለ ትነት ነው። ጥሩ አስተማሪ ነው፣ ድምፁ ይሰማል፣ ሰሌዳ አጠቃቀሙ ያምራል። አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «መምህር፣ አባቴ ቡና ሲያደርቅ ኪሎው ይቀንሳል። የቀነሰው ኪሳራ ነው?» አለችው። ዕጩው ትንሽ አሰበና «እሱ የኢኮኖሚክስ ጥያቄ ነው፣ የኢኮኖሚክስ መምህርሽን ጠይቂ» አላት። ልጅቷ ተቀመጠች። ትምህርቱ ቀጠለ።

እኔ ግን እዚያው ቀረሁ። የዚያን ቀን የተጠየቀው ምርጡ የሳይንስ ጥያቄ እኮ እሱ ነበር። እስቲ አብረን እናስላው። ከታጠበ በኋላ ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና አለ እንበል፣ 100 ኪሎ፣ ግማሹ ውኃ። ደረቁ ነገር 50 ኪሎ ነው፣ እሱ የትም አይሄድም። እርጥበቱ 12 በመቶ ሲደርስ ሚዛኑ 56.8 ኪሎ ገደማ ይሆናል። የተነነው ውኃ ኪሳራ አይደለም፣ ገዢው የሚፈልገው ቡናውን ነው። አባትየው ግን እስከ 10 በመቶ ካደረቀው 55.6 ገደማ ይመዝናል። እዚህ ላይ አንድ ኪሎ ከሩብ ያህል በከንቱ ሄደ፣ ይህ እውነተኛ ኪሳራ ነው። ሚዛን ለመጨመር ብሎ በእርጥቡ ቢያነሳው ደግሞ ቡናው ይሻግታል፣ ያኔ የሚወድቀው ዋጋው ነው። ትነት፣ የመቶኛ ስሌት፣ ሻጋታና የገበያ ዋጋ አንድ አልጋ ላይ ተሰጥተው ነበር። መምህሩ አላያቸውም።

በዚያ ዕጩ መምህር አልፈርድም። ዲግሪውን በኬሚስትሪ ያዘ፣ ከዚያ ፒጂዲቲ፣ ማለትም የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ፣ ወሰደ፣ በዚህ ሁሉ ጊዜ ሳይንስ ምን ያስወጣል፣ ማን ይከፍለዋል፣ ማን ይጠቀምበታል ብሎ የነገረው ሰው የለም። እኛም አልነገርነውም። አገራችን ለዓመታት ከ100 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች 70ውን ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ስትመድብ የኖረችው ለኢኮኖሚው ብላ ነው። መምህሩ ታዲያ ሁለቱ የት እንደሚገናኙ ካላወቀ ተማሪው ከማን ይስማ?

ለዚህ ነው ሥራ አስፈጻሚው ሳይንስና ኢኮኖሚክስ የት እንደሚገናኙ የሚያሳዩ ሦስት የቅዳሜ ትምህርቶች ለዕጩ መምህራን ይሰጡ ብሎ ያቀረበው። የዚያን ስብሰባ ክርክር ታስታውሳላችሁ። «የኢኮኖሚክስ ትምህርት የራሱ መምህር አለው፣ ለምን የሰው ማሳ ውስጥ እንገባለን?» ተባለ። አንድ አንጋፋ አባላችን ተነስተው «እኛ ነጋዴ አናሠለጥንም» አሉ። ብዙዎቻችሁ አጨበጨባችሁ። ያ ጭብጨባ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

እኚህ አባላችን፣ ጋሼ የምላቸው፣ እኔን ራሴን ያስተማሩኝ ናቸው። ኬሚስትሪን የወደድኩት በእሳቸው ነው። ስጋታቸውም ይገባኛል፤ ልጆች ሳይንስን በብር ብቻ እንዳይመዝኑት ይፈራሉ። ያን ቀን ግን በቂ መልስ አልሰጠኋቸውም። ዛሬ ልስጥ።

እንዶድን እንውሰድ። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች፣ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እነዚህ ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዝያ ተሸካሚዎች ናቸው። ገንዘብ ፍለጋ አልወጡም፣ ያዩት ነገር ገርሟቸው ነው የተከተሉት። ጋሼ የሚወዱት ሳይንስ ይኸው ነው። ከዚያ በኋላስ? ተክሉ ለሰው ደህና መሆኑን ለሚያረጋግጥ ምርመራ ገንዘብ ማግኘት ዓመታት ፈጀ። በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሸለሙ። ቆይቶ ደግሞ አሜሪካ ያለው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ፣ የውኃ ቧንቧ የሚዘጋውን ዜብራ መስል የሚባል ባለ ዛጎል የውኃ እንስሳ በእንዶድ ለማጥፋት የፈጠራ ባለቤትነት መብት አወጣበት። እንዶዱ የኛ፣ ዕውቀቱ የእናቶቻችን፣ ወረቀቱ ግን የሌላ ሰው። ይህን ለዕጩ መምህር መንገር ነጋዴ ማድረግ ነው? እኔ አይመስለኝም። ተማሪው ነገ አንድ ነገር ሲያገኝ ከማን ጋር ምን እንደሚፈርም እንዲያውቅ ማድረግ ነው።

የባዮሎጂ መምህራን ደግሞ እናንተን በተለይ። ስለ ዝርያ መረጣ ስታስተምሩ የሩቅ ደሴት ወፎች ታነሳላችሁ፣ መልካም ነው፣ ግን የመልኮ የግብርና ምርምር ማዕከል እዚሁ አጠገባችን ነው። ሲቢዲ፣ የቡና ፍሬ በሽታው፣ በ1971 እ.ኤ.አ. አገራችን ውስጥ ታየ። ተመራማሪዎቹ በጫካውና በገበሬው ማሳ ዞረው ያልታመሙትን ዛፎች መረጡ። 74110 እና 74112 ብለን የምንጠራቸው ቡናዎች ከዚያ የመጡ ናቸው፣ 74 የተመረጡበት ዓመት ነው፣ 1974 እ.ኤ.አ.። ገበሬው በየዓመቱ ለሚረጭ መድኃኒት ከሚያወጣው ብርና በሽታውን ከሚቋቋም ችግኝ የቱ ያዋጣዋል? ምርምሩን የከፈለው ማን ነው? ብዙዎቹ ተማሪዎቻችን የሚማሩት እኮ በዚሁ ቡና ገንዘብ ነው።

ፊዚክስ ጋ ስንመጣ፣ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይስባል። ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ የምታገኙት ግልገል ጊቤ አንድ 184 ሜጋ ዋት ነው። በመስመር የሚባክነውን ትተን፣ 52 ሺህ ምጣድ ገደማ ባንድ ጊዜ ከተጣደ ግድቡ አለቀ። ይህን ለዕጩዎቹ ስንነግራቸው ክፍሉ ጸጥ አለ፣ ቀጥሎ ጥያቄው ማቆሚያ አጣ።

አዎ፣ ነግረናቸዋል። ቅዳሜዎቹን በጥቂት ሰው ጀመርናቸው። በመጀመሪያው ዕጩዎቹ አዳራሹን ሞሉት፣ ከኛ አባላት የመጣው ግን ቁጥሩን መጥራት የማልፈልገው ነው። በሁለተኛው ሊያስተምሩ ቃል ከገቡት አንዱ በጠዋት ስልኩን ዘጋ። ሦስተኛው መልኮን መጎብኘት ነበር፣ ለመኪና የሚሆን ብር አጥተን ቀረ። ግማሹ አባል የዓመቱን መዋጮ አልከፈለም። ያን ጊዜ አዘንኩ፣ ተናደድኩም። ከአዲስ አበባ መንገድ በፒክአፕ የመጡ ዕጩዎች ነበሩ፣ እኛ እዚሁ ከተማ ካለው ከፈረንጅ አራዳ መምጣት አቃተን።

ዛሬም እዚህ ያላችሁት የምትመጡት ናችሁ፣ ወቀሳዬ ለቀሩት ነው። እባካችሁ አድርሱልኝ። ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል፣ ኑሮም ከብዷል፣ የመምህር ደሞዝ የት እንደሚያደርስ አውቃለሁ። እኔ የምለምነው ግን በዓመት አንድ ቅዳሜ ነው።

በሻይ ሰዓት ጸሐፊያችን ጋ መዝገብ አለ። ሦስቱ ቅዳሜዎች በመጪው ጥቅምትና ኅዳር ይደገማሉ፣ ቡናው አልጋ ላይ ሳለ። ስማችሁን፣ የምታስተምሩትን ርእስና የምትችሉትን ቀን ጻፉ። የመልኮውን መኪና ኪራይ ዛሬ እዚሁ እናዋጣ፣ እኔ ጀምሬያለሁ። ጋሼን የምታገኙ ደግሞ የመጀመሪያውን ቅዳሜ እሳቸው እንዲከፍቱልን እጠይቃለሁ በሉልኝ፣ መጥተው ቢከራከሩኝም ደስ ይለኛል። ያችንም ልጅ ከአባቷ ጋር ጋብዣቸዋለሁ።

ጉባኤው በይፋ ተከፍቷል። አመሰግናለሁ።